የከረመ በሶ

ዲማ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ዋርሶ ለምትኖረው፣ ስሟን አውጥቼላት እስከ ዛሬ ላላመሰገነችኝ ለልጅ ልጄ ለዜማ።

የዲማው ጊዮርጊስ ከአጠገብሽ አይራቅ። ብርዱ ጠላትሽን ይቆንጥጥ፤ ጠላት ከሌለሽም ዝም ብሎ ይለፍ። እኛ ደህና ነን። ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፣ ጉልበቴም እንዳለ አለ። እምየሽ የብርጓል እኔን ለመቆጣት የሚበቃ አቅም አላጣችም።

ይህን እንደ ወትሮው በእጄ ጽፌዋለሁ። ቢቸና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት መቅዲ በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች፤ መልስሽንም በወረቀት አውጥታ ትሰጠኛለች። በስልክ ለምን አናወራም እንዳትይ። ስትደውይ እምየሽ ከእጄ ትነጥቀኛለች። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱ የእኔ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅኔዎቼን ሰብስበሽ ከፎቷችን ጋር በኢንተርኔት ያወጣሽውን ገጽ ለማየት ባለፈው ገበያ ቀን ሁለታችንም ቢቸና ወረድን፤ እኔ ለቅኔዬ፣ እሷ ለፎቶዋ። መቅዲ ስልኳን ከፈተችና አንድ ክብ ነገር መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ። ሻይ ጠጣን። ዞረ። የብርጓል ቀና ብላ፣ «ይኼ በሬ ያለ እህል ነው እንዴ የሚያበራየው?» አለች። መቅዲ ሳቀች። በመጨረሻ ኔትወርኩም ሄደ፣ እኛም ሄድን።

መንገድ ላይ፣ «ስሜንስ ጽፋዋለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ጽፋዋለች።»

«በየት በኩል?»

«ከእኔ ቀጥሎ።»

«ከአንተ ቀጥሎ የቆመ ስም ምን ያምርበታል» አለችኝ።

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ማየቱን ፈልጋዋለች። መንገዱ ደግሞ እንደ በፊቱ አልሆነላትም፤ ብዙ ጊዜ አትወርድም። እና ያን በሬ ገላግይው።

አያትሽ ይስማው


ዋርሶ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባባ፣

ጉልበትዎ እንደ አንደበትዎ ይበርታልኝ። እምየን ሁለት ጊዜ ሳሙልኝ፤ አንዱን እንደማይቀበሉዎት አውቃለሁ። ስሙን ስላወጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ይኸው በጽሑፍ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ገጹን የሠራሁት እዚህ ባለው ፈጣን መስመር ነው፤ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ሸክም ሆነ። ሰርቨር የሚባለው፣ ገጹን አስቀምጦ ለጠየቀው ሁሉ የሚያድል ኮምፒውተር ነው። እስካሁን ሁሉን እንዳለ ነበር የሚልከው። ፎቶውን አሳንሼዋለሁ። ጽሑፉንና የፊደሎቹን ቅርጽ የያዙትን ፋይሎች ግን ማመቅ አለብኝ።

ተማሪ ሳሉ ከአገር አገር ሲዞሩ ስንቅዎ በሶ እንደነበር ነግረውኛል። ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ በትንሽ አቁማዳ ይገባል፤ የደረሱበት ውሃ ያገኛሉ፣ በጥብጠው ይጠጣሉ። እኔም እንዲሁ ላደርግ ነው። እያንዳንዱን ፋይል አስቀድሜ አምቄ ከዋናው ጎን አስቀምጣለሁ። ሰርቨሩን ደግሞ፣ «ጠያቂ በመጣ ቁጥር አዲስ አትፍጭ፤ የተፈጨ ከጎኑ አለ፣ እሱን ስጥ» ብዬ አዘዋለሁ። የመቅዲ ስልክ ይቀበልና ራሱ ይበጠብጠዋል። የታመቀው ፋይል ስሙ ያው ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ «ጂ» እና «ዜድ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝ ፊደሎች ይጨመሩበታል።

እምየን ሳልጨርስ ይዘዋቸው እንዳይወርዱ። መጀመሪያ እርስዎ ይሞክሩት።

ልጅዎ ዜማ


ዲማ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዜማ፣ በሶ ፈጭ ለሆነችው።

ሰላምሽ ይብዛ፤ እኛ ለምስጋናው አላነስንም።

በሶሽን ቀመስሁት። በእውነት በሬው አልዞረም፣ ገጹ በአንድ ትንፋሽ ተከፈተ። የተከፈተው ግን ምንድን ነው? ሣጥን፣ የጥያቄ ምልክት፣ የተገለበጠ ፊደል፣ ደግሞ ሣጥን። መቅዲ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ግን ልጄ ያለ ምክንያት አትጽፍም ብዬ የላይኛውን ሦስት መስመር ሣጥን በሣጥን በወረቀት ገለበጥሁና ለየኔታ ኃይለ ሚካኤል ወሰድሁላቸው።

የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። የቅኔ ተማሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። በመጨረሻ፣ «ይስማው፣ ይህ ሰሙ ጠፍቶ ወርቁ ብቻ የቀረ ቅኔ ነው» አሉኝ። ጎረቤታችን አገኘሁ በበኩሉ፣ «ክፉ ጽሕፈት ነው፣ ጠበል ይረጭበት» ብሎ መከረ። የመቅዲን ስልክ ጠበል ልንረጭ ስንል ነው መቅዲ የከለከለችን።

ያን «ጂ» እና «ዜድ» ያልሽውንም መቅዲ አንድ ላይ ስታነበው «ግዝ» ሆነብኝ። ምነው ልጄ፣ ቅኔዬን ገዘትሽው?

እምየሽ ቤት ቆይታ ትጠብቀኝ ነበር። «ስሜን አየኸው?» አለች። «አየሁት፣ ሣጥን ውስጥ ነው» አልኋት። አላሳቃትም።

አያትሽ ይስማው


ዋርሶ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባባ፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ እኔን በሳቅ ለመግደል እንኳ ዕድሜ ያስፈልግዎታል። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስቄ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የኔታ ልክ ናቸው። ሰሙ ጠፍቶ ነው። ሰርቨሩ የታመቀውን ሲልክ አብሮ፣ «ይህ የታመቀ ነው፣ ፍታው» የሚል ቃል መላክ አለበት። እኔ ፋይሉ እንዲላክ አዘዝኩ እንጂ ቃሉ እንዲላክ አላዘዝኩም። ስልኩም በሶ መሆኑን ሳያውቅ ደረቁን ቃመው። አሁን ቃሉን አስገብቻለሁ። ለማይፈታ አሮጌ ስልክም ያልታመቀውን እንዲሰጥ አዝዣለሁ።

አሁን እምየን ይውሰዷቸው።

ልጅዎ ዜማ


ዲማ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዜማ፣ እጇ ለተባረከ።

ጥምቀትን በደህና አሳለፍን፤ አንቺንም ከዓመት ዓመት ያድርስሽ። ስለቱ እንደደረሰለት ሰው ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ።

ተከፈተ። መቅዲ ገና «አባባ ተቀመጡ» ሳትለኝ ተከፈተ። ላይ ፎቷችን፣ ከሥሩ ያ መስመር፦ «አያቶቼ ይስማውና የብርጓል በዲማ ይኖራሉ።» ከዚያ ቅኔዎቼ።

የብርጓል «የትኛው ነው ስሜ?» አለች። አሳየኋት። ጣቷን ልታሳርፍበት ስትል ገጹ ተንሸራተተና ስሟ ጠፋ። «ሸሸችኝ!» አለች። መቅዲ መለሰችላት። ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ሦስተኛው ላይ፣ «ከኖርንማ ወደ ቤት እንሂድ፣ ላሟ አልታለበችም» ብላ ተነሣች።

ስንመለስ አራት ጊዜ ተቀመጠች። «ለመታዘል ነው ይኼ ሁሉ» ብዬ ቀለድሁባት። «አንተ ልታዝለኝ?» አለች።

ከቻልሽ የሳል መድኃኒት በሰው ላኪላት። ካልቻልሽም ግድ የለም፣ እዚህም አለ።

አያትሽ ይስማው


ዋርሶ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ያጽናዎት። ሌላ መክፈቻ ፈልጌ አጣሁ።

የካቲት 3 ቀን መቅዲ ስትደውል አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። የመጨረሻው ማቆሚያ ድረስ ሄጄ ነው የወረድኩት። ለቀብር መምጣት ነበረብኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ለእድሳት ገብቷል፤ ሳይሰጡኝ ከወጣሁ ተመልሼ እንድገባ አይፈቅዱልኝም። ይህን በስልክ ነግሬዎታለሁ፣ እርስዎም «ገብቶኛል» ብለውኛል። ያሳደጉኝ እምየ ናቸው። ሳይገባዎት «ገብቶኛል» ቢሉኝም አልቀየምዎትም።

በገጹ ላይ ያለውን መስመር አስተካክያለሁ። አረፉ ብዬ ቀኑን ጽፌያለሁ። ቢቸና ሲወርዱ አይተው፣ ቃሉ የማይሆን ከሆነ ይንገሩኝ።

ለምን በስልክ አናወራም? አሁን የሚነጥቅዎት የለም።

ዜማ


ዲማ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዜማ፣

እንኳን ከትንሣኤው አደረሰሽ። አርባዋን አውጥተናል፤ ሰው አልቀረም። አገኘሁ እንኳ ሳይከራከር ዋለ።

በስልክ እናውራ ብለሻል። የሚነጥቀኝ ከሌለ ስልክ ምን ይጥማል? ይኸው ወረቀቱ ይሻላል።

ገጹን አየሁት። ደህና ነው። ምንም የሚነካ የለውም። በየገበያው ቀን እወርዳለሁ፤ መቅዲ ምን ፈልገው ነው ሳትል ስልኳን ትሰጠኛለች። እኔም አይቼ እመልስላታለሁ። መነጽር ላኪልኝ፤ ፊደሉን ጎላ የሚያደርግ። ወይም ተዪው፣ ያለኝ ይበቃኛል።

እምየሽን እንዴት እንዳገኘኋት ነግሬሽ አላውቅም። የቅኔ ተማሪ ሳለሁ እነሱ ደጅ ቆሜ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ለመንሁ። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ትናንትም በእሷ ስም ወስደሃል፤ ዛሬ በራስህ ስም ለምን» አለችኝ። በራሴ ስም ለመንሁ። ቅኔ ቤቱን እንደዚያ ነው የተውሁት።

ቤቱ ይሰማል። ድሮ የማይሰማ ነገር ሁሉ ይሰማል፤ አይጧ፣ የጣራው ቆርቆሮ ሲሞቅ። ለማን ልቀልድ? ላሟ ቀልድ አታውቅም።

አያትሽ ይስማው


ዋርሶ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባባ፣

ጤናዎን እለምናለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤዎ አልደረሰኝም፤ ስልክም አይገባም። ኔትወርክ ሲመለስ ይህ ይደርስዎታል ብዬ እጽፋለሁ።

ትናንት ከሉማሜ አንድ ቅኔ ወዳጅ፣ «አያትሽን ወይዘሮ የብርጓልን ሰላም በይልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ደነገጥኩና ገጹን እንደ ማንኛውም ሰው ከስልኬ ከፈትኩት። እምየ አሉ። «አያቶቼ ይስማውና የብርጓል በዲማ ይኖራሉ» ይላል።

መስመሩን የቀየርኩት በዋናው ፋይል ላይ ነው። ከጎኑ ያለውን የታመቀውን እንደገና አላመቅኩትም። አዲስ ገብስ ቆልቼ ማሰሮው ውስጥ የከረመውን በሶ ረሳሁት ማለት ነው። ሰርቨሩም እንደታዘዘው ለሁሉም ያንን የከረመውን ሲያድል ቆየ። እኔ የምፈትሽበት መሣሪያ የታመቀ ስለማይጠይቅ ለእኔ አዲሱን ይሰጠኝ ነበር፤ ተቀይሯል ብዬ ተውኩት።

ይህ ለሥራ ባልደረቦቼ የምናገረው ነው። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በስልኬ ከፍቼ አየው ነበር። ፎቶው እንዳይመጣብኝ ፈርቼ ነው ያልከፈትኩት። መስመሩን ቀየርኩና ሸሸሁ።

ዛሬ ጠዋት አዲሱን አምቄ አስገብቻለሁ። አሁን ትክክል ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እርስዎ በየገበያው ቀን ያዩት ነበር። «ደህና ነው» አሉኝ። ለምን አልነገሩኝም?

ዜማ


ዲማ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዜማ፣

አምላክ በያለሽበት ይጠብቅሽ። ይህን የምጽፈው ልናዘዝ ነው፤ የነፍስ አባቴ እንዳይሰማ።

አስተካክያለሁ ብለሽኝ ነበር። አልተስተካከለም። በመጀመሪያው ቀን ልነግርሽ ነበር። መቅዲም «ይኼ እኮ አልተቀየረም አባባ» አለችኝ። «ዝም በዪ» አልኋት። ልጅቱን አስዋሽቻታለሁ፤ ኃጢአቱ የእኔ ይሁን።

በሳምንት አንድ ቀን መንገዱን ሁሉ ወርጄ የማየው እሱን ነው። ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ይለኛል። ያ ገጽ ብቻ ነው «ይኖራሉ» የሚለኝ። አንቺ ረስተሽው ይሁን ወይም አንጀትሽ አልቆርጥ ብሎሽ አላውቅም፤ አልጠይቅሽም። ብቻ አትንኪው። እኔ እስካለሁ እንዳለ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንንም በአንድ ቀን አስተካክዪን፤ ሥራም ይቀልልሻል።

ከአንቺ መነጽርም መድኃኒትም አልፈልግም። ይህን ብቻ ነው የምለምንሽ፤ በራሴ ስም።

አያትሽ ይስማው

(ዜማ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ይህንን የምልክልሽ ዛሬ ሰኔ 17 ነው። ያንቺም የግንቦት 28ቱ ገና አሁን ገባልኝ። አባባ በዝናቡ ምክንያት አልወረዱም፤ ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ። ገጹን ግን አይቼዋለሁ፤ ተቀይሯል። ምን እንደምላቸው አላውቅም። መቅዲ።)


ዋርሶ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ደብዳቤዎ ከእጄ አልወረደም። እኔ ካስተካከልኩ ከሃያ ቀን በኋላ ደረሰኝ።

የድሮው የታመቀ ፋይል አልጠፋም፤ አስቀምጬዋለሁ። ወደ ቦታው ልመልሰው እችላለሁ፤ አንድ ትእዛዝ ነው። ስህተት ነው የሚል ሰው ቢመጣ አውቄ ነው ያደረግኩት እለዋለሁ። ባልደረቦቼ የሚሉትን ይበሉ።

«መልሺ» ይበሉኝ እንጂ በዚያው ቀን ይመለሳል። ሳይሉኝ ግን አልነካውም፤ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅዎ ነክቼዋለሁና።

ልጅዎ ዜማ


ዲማ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዜማ፣ ለልጄ፣ የብርጓል ላሳደገቻት ልጅ።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ክረምቱ ከብዷል፤ ወንዙ ሁለት ገበያ ከለከለኝ። በሦስተኛው ተሻግሬ ቢቸና ገባሁ። መቅዲ ሁለቱንም ደብዳቤሽን አንድ ላይ ሰጠችኝና ልክ ሥራ እንዳለው ሰው ወደ ጓዳ ገባች።

አነበብኋቸው። ከዚያ ስልኳን ጠየቅኋት።

«አባባ፣ ዛሬ ባያዩትስ?» አለች።

«በዝናብ የመጣሁት ያንቺን ፊት ለማየት ነው?» አልኋት። ሰጠችኝ።

«አያቴ ይስማው በዲማ ይኖራሉ። አያቴ የብርጓል የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ» ይላል። አፈር አልብሻታለሁ፣ ተዝካሯን አውጥቻለሁ፤ በጽሕፈት ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። መቅዲ ወንበር አቀረበችልኝ።

ለምን አልነገሩኝም ብለሽ የጠየቅሽኝን የግንቦቱ ደብዳቤ መልሶልሻል። አንቺ ላለማየት ሸሸሽ፣ እኔ ለማየት እየተመላለስሁ ሸሸሁ። ያው የአንድ ቤት ሰው ነን።

እስክሪብቶ ተቀብያት «መልሺው» ብዬ መጻፍ ጀመርሁ። ሁለቱን ፊደል ጽፌ፣ ምን እንደሚመለስ ለማየት መስመሩን ደግሜ አነበብሁት። «አያቶቼ» የነበረው «አያቴ» ሆኗል። የብርጓል ከጎኔ ተነሥታ ወደ ታች ወርዳለች። ግሱ ግን አልተነካም። ሁለት ሳለን «ይኖራሉ» ነበር፤ አሁንም «ይኖራሉ» ነው።

ስመለስ በየኔታ ኃይለ ሚካኤል በኩል አለፍሁና ጠየቅኋቸው። «አክብሮት ነው እንጂ፤ ልጅቱ አንቱ ብላህ ነው» አሉኝ። እኔም ይህን አጥቼው አይደለም። እምየሽ ግን አንድም ቀን አንቱ ብላኝ አታውቅም፤ ሞቷ ነው። ይህን አክብሮት ብትሰማ ተነሥታ ትስቅብኛለች።

አንቺ አክብረሽ ጻፍሽው፣ እኔ አብዝቼ አነበዋለሁ። የድሮውን አትመልሺው። የዛሬውን እንዳለ ተዪው፤ እውነትም ነው፣ እኔንም አልከለከለኝም። ለሉማሜው ሰውዬም እርሟን ያውጣ፣ ንገሪው።

ወረቀትሽ ሲሰጥሽ ነዪ። እስከዚያ በግሱ ሁለት ነን። ማታ በሩን ከፍቼ የምገባው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

አያትሽ ይስማው